በሻርትር ሲገነቡ በሮሃ ይፈለፍሉ ነበር፦ ስለ ጎቲክ፣ ስለ ላሊበላና ስለ አያቴ መዶሻ

ባለፈው ክረምት በዩኒቨርሲቲ የመካከለኛው ዘመን ሥነ ሕንፃ ኮርስ እማር ነበር። መምህሩ በስክሪን ላይ የፈረንሳይን ካቴድራል እያሳየ ስለ ሹል ቅስቱ፣ ስለ ረጅሙ ጣሪያ፣ ስለ ባለቀለም መስታወቱ ሲያስረዳን ቆየ። ከዚያ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «በዚያ ዘመን በአፍሪካ ምን ይሠራ ነበር?» ብላ ጠየቀች። መምህሩ ትንሽ አሰበና «ከግብፅ ወዲህ ብዙ የሚባል ነገር የለም» ብሎ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ።

በክፍሉ ውስጥ ቤተሰቧ ከኢትዮጵያ የመጣ ተማሪ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሁለት ሦስት ሰው ዘወር ብሎ አየኝ። መልሱ ስህተት መሆኑን ልቤ ያውቃል፣ አፌ ግን የሚለው ነገር አልነበረውም። ላሊበላ የሚለውን ስም ሰምቻለሁ። መቼ፣ በማን፣ እንዴት ተሠራ ብባል ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አልሞላም ነበር። ከአውቶቡሱ ወርጄ ሮቫ ዩድ-አሌፍ ወዳለው ቤታችን ስገባ ያ ዝምታ አብሮኝ ገባ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እንደ እኔ እዚህ ለተወለዳችሁ፣ እንደ እኔ ዝም ላላችሁ ነው። ሁለት ጥያቄ አለብኝ። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ በጎቲክ ዘመን በኢትዮጵያ ምን ተሠራ? ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ያ ሥራ የእኛ የቤተ እስራኤል ልጆችም ነው ወይ? (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጎቲክ ማለት ምን ማለት ነው?

ጎቲክ የሚለው ስም መጀመሪያ ስድብ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ የተነሡ የጣሊያን ጸሐፊዎች ያንን አሠራር ስላልወደዱት ሮምን ካፈረሱት ከጎቶች ጋር አያይዘው አረመኔ ለማለት ተጠቀሙበት። ሠሪዎቹ ራሳቸው ጎቲክ ነን ብለው አያውቁም። ስድቡ ቀርቶ ስሙ ግን ቀረ።

አሠራሩ የተጀመረው በፓሪስ አጠገብ ባለው በሳን ዴኒ ገዳም ነው፤ አዲሱ የምሥራቅ ክፍል የተመረቀው በ1144 ነው። የኖትር ዳም ግንባታ በ1163 ተጀመረ። ሻርትር የምትባለው ከተማ ካቴድራል ደግሞ በ1194 ተቃጠለና ከሠላሳ ዓመት ባነሰ ጊዜ ዋናው ክፍል እንደ አዲስ ቆመ። የሻርትር ጣሪያ ከወለሉ 37 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ይህ አሥራ ሁለት ፎቅ ያህል ነው፤ ያለ ብረት፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ።

ችግሩ ይህ ነው። የድንጋይ ጣሪያ ሲከብድ ወደ ታች ብቻ አይጫንም፣ ግድግዳውን ወደ ጎንም ይገፋል። ሁለት ሰው ጀርባ ለጀርባ ተደግፈው ሲቆሙ እግራቸው ወደ ውጪ እንደሚንሸራተት ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ግንበኞች መፍትሔአቸው ግድግዳውን ማወፈርና መስኮቱን ማጥበብ ነበር። ስለዚህ ውስጡ ይጨልማል።

ጎቲክ ሦስት ነገር አንድ ላይ አመጣ። አንደኛ፣ ክብ ቅስትን ትቶ ሹል ቅስት ተጠቀመ፤ ሹል ሲሆን ጫናው ይበልጥ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወደ ጎን መግፋቱ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ጣሪያውን እንደ ጎድን አጥንት በሚያቋርጡ የድንጋይ መስመሮች ሠራው፤ ክብደቱ በእነሱ በኩል ወደ ዓምዶቹ ይሰበሰባል። ሦስተኛ፣ የቀረውን ግፊት ከውጪ በኩል እንደ ክንድ በተዘረጉ የድንጋይ ድጋፎች ያዘው። ግድግዳው ከሸክም ሲያርፍ ቦታውን ለመስታወት ለቀቀ፤ ብርሃን ገባ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሹል ቅስት የአውሮፓ ፈጠራ አይደለም። ራምላ ሄዳችሁ ከመሬት በታች ያለውን የቅስቶች ኩሬ፣ «ብሬኻት ሀክሻቶት» የሚሉትን፣ በጀልባ ግቡበት። በ789 የተሠራ ነው፤ ቅስቶቹ ሹል ናቸው። ከሳን ዴኒ በ350 ዓመት ይቀድማል። ወደዚህ ነጥብ ስለምመለስ ያዙልኝ።

በዚያው ዘመን በሮሃ

ሻርትር በተቃጠለበትና በተሠራበት ዘመን፣ ዛሬ በአማራ ክልል ሰሜን ወሎ በሚባለው፣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ሮሃ በሚባል ቦታ፣ ንጉሥ ላሊበላ ይገዛ ነበር። ከዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ነው። በ1200ዎቹ መጀመሪያ ላይ እንደነገሠ የሚያሳዩ በግዕዝ የተጻፉ የመሬት ስጦታ ሰነዶች አሉ። ቦታው በኋላ በእሱ ስም ላሊበላ ተባለ።

እዚያ ከአለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች መካከል ነበሩ። ትልቁ ቤተ መድኃኔ ዓለም ነው፤ ርዝመቱ ወደ 33 ሜትር፣ ወርዱ ወደ 23 ሜትር፣ ቁመቱ 11 ሜትር ገደማ። በፎቶ ሁላችሁም የምታውቁት ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ በመስቀል ቅርፅ የተቀረፀው ነው፤ በየጎኑ ወደ 12 ሜትር፣ ቁመቱም እንደዚያው።

ሁሉም በአንድ ንጉሥ፣ በአንድ ጊዜ ተሠሩ ማለት አይደለም። ትውፊቱ እንደዚያ ይላል፤ መላእክትም ሌሊት ሌሊት ያግዙ ነበር ይላል። አርኪኦሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን ግን ከፊሎቹ ከላሊበላ በፊት በብዙ መቶ ዓመት እንደተጀመሩና እንደ ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ያሉት መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆኑ ምሽግ ወይም ቤተ መንግሥት ሊሆኑ እንደሚችሉ ጽፈዋል። ሥራው የብዙ ትውልድ ከሆነ ደግሞ ክብሩ አይቀንስም። ካቴድራሎቹም እንደዚያው የብዙ ትውልድ ሥራ ናቸው።

ከላይ ወደ ታች

አያቴ ግንበኛ ናቸው። ነበሩ ልበል? ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለ መንደር ከአባታቸው ተምረው ሃያ ዓመት ድንጋይ ጠርበዋል። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን መጡ። እዚህ ከመጡ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጽዳት ነው የሠሩት፤ «ግንበኛ ኖት ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው አንድም ሰው የለም። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ሰንበት ከሰዓት የቤተ ጊዮርጊስን ፎቶ በመጽሐፍ ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ አንቱ ላሊበላን አይተው ያውቃሉ?»

«ምን አደርጋለሁ እዚያ? የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ነው» አሉና መጽሐፉን በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«እሺ፣ እንደ ግንበኛ ብቻ ይዩልኝ። ይህን እንዴት ይሠሩታል?»

ዝም አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አምጪ አሉኝ። ረጅም ጊዜ አዩት። በመጨረሻ ያሉኝን እንዳለ ላስቀምጠው፦ «ግንበኛ ቢሳሳት ያፈርሳል፣ መልሶ ይገነባል። ይህ ሰውዬ ቢሳሳት የት ይሄዳል? የቆረጠውን ድንጋይ መልሶ አይቀጥለው!»

ይህ አባባላቸው ከኮርሱ ሁሉ የበለጠ አስተማረኝ። በሻርትር ግንባታው መጨመር ነው፤ ከመሠረት ይጀምራል፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተጫነ ወደ ላይ ይወጣል። በላሊበላ ሥራው መቀነስ ነው። መጀመሪያ በአለቱ ዙሪያ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ መሐሉ ላይ አንድ ወጥ ድንጋይ ይቀራል። ከዚያ ጣሪያው ይቀረፃል፤ ቀጥሎ የላይኛው መስኮት፣ ቀጥሎ የታችኛው፣ በመጨረሻ በሩና ወለሉ። ውስጡም በመስኮትና በበር በኩል እየተፈለፈለ ዓምዱ፣ ቅስቱ፣ ጣሪያው ባሉበት ይተዋሉ። ማለትም ገና ጣሪያው ላይ እያለ ጠራቢው ከታች ዓምዱ የት እንደሚቆም ማወቅ አለበት። መሣሪያው መዶሻ፣ መሮና ድጅኖ ነው። አለቱ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀላ ያለ ድንጋይ ነው፤ ለመቅረፅ የሚመች፣ ግን ውኃ የሚጎዳው።

ስለ ውኃ አያቴ ወዲያው ጠየቁኝ፦ «ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው። ክረምት ሲመጣስ ውኃው የት ይገባል?» እውነትም ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። የሮሃ ሰዎች ጉድጓዱን ተዳፋት አድርገው ውኃው በቦይ እንዲወጣ አድርገዋል፤ በቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይም የዝናብ ማውረጃ አሸንዳ ከራሱ ከድንጋዩ ተቀርፆለታል። በፈረንሳይ ካቴድራሎች ላይ የምናያቸው አፋቸውን የከፈቱ የድንጋይ አውሬዎች ሥራቸውም ይኸው ነው፤ ዝናብን ከግድግዳው ማራቅ።

ፈረንጅ ነው የሠራው የሚሉ

አሁን ወደ ሹል ቅስቱ ልመለስ። የቤተ ጊዮርጊስ የላይኞቹ 12 መስኮቶች አናታቸው ሹል ነው። ይህን ይዘው አንዳንድ ጸሐፊዎች ላሊበላን የሠሩት ከአውሮፓ የመጡ የመስቀል ጦረኞች ናቸው እስከ ማለት ደርሰዋል። ማስረጃ የለውም። ራምላን አስታውሱ፤ ሹል ቅስት በምሥራቅ ከጎቲክ በፊት በብዙ መቶ ዓመት ይታወቅ ነበር።

ከዚያ ይልቅ የታችኞቹን መስኮቶች እዩ። በየማዕዘናቸው አራት ማዕዘን ጉብታ አላቸው። ይህ የአክሱም አሠራር ምልክት ነው፣ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል። በአክሱም ግድግዳ የሚሠራው ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ ነበር፤ የእንጨቱ ጫፍ ወደ ውጪ ይወጣል። በላሊበላ አጠገብ በዋሻ ውስጥ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በእውነተኛ እንጨትና ድንጋይ ተፈራርቆ እንደተሠራ ቆሟል። በላሊበላ እንጨት የለም፤ ግን ጠራቢዎቹ የእንጨቱን ጫፍ ከድንጋይ ቀረፁት። ቤተ አማኑኤል ደግሞ ግድግዳው በሙሉ እንደ ድንጋይና እንጨት ድርድር ገባ ወጣ ተደርጎ ተቀርጿል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በሻርትር ቅስቱ ሥራ አለው፤ ብታወጡት ጣሪያው ይወድቃል። በላሊበላ ሁሉም አንድ አለት ስለሆነ ቅስቱም የእንጨቱ ጫፍም ሕንፃውን አንድ ላይ ለመያዝ አያስፈልጉም። የተቀረፁት ሰዎቹ ቤት ምን እንደሚመስል ስለሚያስታውሱ ነው። የአባቶቻቸውን አሠራር በድንጋይ ጻፉት። ከውጪ የመጣ ሠራተኛ የአክሱምን እንጨት ከየት ያስታውሳል?

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ በ1520ዎቹ እነዚህን አይቶ ጽፏል፤ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ አንባቢ አያምነኝም ብሎ እስከ መስጋት ደርሷል። በአውሮፓ ካቴድራሎች መካከል ያደገ ሰው ነበር።

ሌላ ኢየሩሳሌም

በላሊበላ አንድ ቦይ አለ፣ ስሙ ዮርዳኖስ ነው። ቤተ ጎልጎታ አለ፣ ቤተ ልሔም አለ፣ ደብረ ሲና አለ፣ የአዳም መቃብር የሚባል አለ። ሳላሃዲን ኢየሩሳሌምን ከመስቀል ጦረኞች የያዘው በ1187 ነው። ብዙዎች ላሊበላ ኢየሩሳሌምን በሮሃ ሊሠራ የተነሣው መንገዱ ስለተቸገረ ነው ይላሉ። ምክንያቱ ያ ብቻ ይሁን አይሁን፣ የቦታዎቹ ስም ግን ናፍቆቱን ይናገራል።

ይህን ለአያቴ ስነግራቸው ፈገግ አሉ። «እኛም ከዚያው አገር ሆነን ወደ የሩሳሌም እንሰግድ ነበር» አሉ። ስግድ ማለታቸው ነው፦ ጾም፣ ወደ ተራራ መውጣት፣ ኦሪት ማንበብ፣ ፊትን ወደ ኢየሩሳሌም ማዞር። ሁለት ጎረቤቶች አንድ ከተማ ናፈቁ። አንደኛው በአለት ቀረፃት፣ ሌላው ድንጋይ አላቆመላትም፤ ልጆቹን ይዞ በእግሩ ሊሄድ ተነሣ።

ታዲያ የእኛ ነው ወይ?

እዚህ ላይ ሐቀኛ እንሁን። በኢንተርኔት ላይ «ላሊበላ የእኛ ነው» የሚልም «እኛን አይመለከትም» የሚልም ታገኛላችሁ። ሁለቱም ይቸኩላሉ።

ዛጉዌዎች አገዎች ነበሩ። የቤተ እስራኤል የድሮ ቋንቋም ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ በጸሎታችን ውስጥ እስከ ዛሬ የአገው ቃላት አሉ። ይህ ማለት የአለቱ ጠራቢዎች አያቶቻችን ነበሩ ማለት አይደለም። ያን የሚያረጋግጥ ነገር የለም፣ እኔም አልልም። አንድ አገር፣ አንድ የቋንቋ ቤተሰብ፣ አንድ የድንጋይ እጅ ሥራ ነበረ ማለት ግን ይቻላል።

ሌላው ግማሽ መራራ ነው። ከላሊበላ በኋላ በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ይስሐቅ ጊዜ፣ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይኖረው መደረጉን ታሪካችን ያስታውሳል። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ይኖራል፤ ቤተ እስራኤል አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ግንበኛ ሆኑ። በ1636 አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ሲመሠርቱና ቤተ መንግሥቶችና አብያተ ክርስቲያናት ሲቆሙ፣ ከሠሩት እጆች መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ነበሩበት። በዚያው እጃቸው ደግሞ ቡዳ ተባሉ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተባሉ።

አያቴ መጽሐፉን መጀመሪያ የገፉት ለዚህ ነው። «የእነሱን ቤት እየሠራን እኛ ቤታችንን የምናቆምበት መሬት አልነበረንም» አሉኝ። ይህን ሰምቼ ወደ ክፍሉ ተመልሼ «ይህ የእኛ ኩራት ነው!» ብዬ ልጮኽ አልችልም። ዝም ልልም አልችልም፤ ዝም ካልኩ አያቴም ይጠፋሉ፣ ሮሃም ይጠፋል።

የደረስኩበት ይህ ነው። ጸሎቱ የእኛ አይደለም፣ እምነቱም አይደለም። ዕውቀቱ ግን ከመጣንበት አገር ዕውቀት ነው፤ ድንጋይን ማንበብ፣ ውኃን መምራት፣ ሳይሳሳቱ መቁረጥ። አያቴ ሥዕሉን ባዩ ጊዜ ያነበቡት በዚያ ዕውቀት ነው። አንድን ሥራ ለማድነቅ የሠሪውን እምነት መቀበል፣ የደረሰብንን በደል መርሳትም አያስፈልግም።

ለማየት ለምትፈልጉ

ጎቲክን ለማየት ፓሪስ መሄድ የለባችሁም። ኢየሩሳሌም በጽዮን ተራራ፣ ከዳዊት መቃብር ላይ ያለውን ፎቅ ውጡ፤ ጣሪያው የመስቀል ጦረኞች ጎቲክ ነው፣ የጎድን አጥንቶቹን በጣታችሁ ትቆጥራላችሁ። አኮ ውስጥም የሆስፒታለሮች ትልቁ አዳራሽ አለ፤ እዚያ ወፋፍራሞቹ ዓምዶች ገና አሮጌ ናቸው፣ ጣሪያው ግን አዲሱን አሠራር ጀምሯል። የአኮ አንድ ቤተ ክርስቲያን የእብነ በረድ ጎቲክ በር ደግሞ በ1291 ከተማዋ ስትያዝ ወደ ካይሮ ተወስዶ የሙስሊሞች ትምህርት ቤት በር ሆነ። ሕንፃ ባለቤት ይቀይራል።

ላሊበላ ለመሄድ የምታስቡ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መግባት ለእናንተ ጥያቄ ከሆነ ቄሳችሁን ወይም ረባናችሁን ጠይቁ። ቤተ ጊዮርጊስ ግን መጀመሪያ የሚታየው ከላይ፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ነው። ቦታው ዛሬም በችግር ላይ ነው፤ ዝናብና ፀሐይ አለቱን እየሰነጠቁት ነው፣ በ2008 የተተከሉት ትልልቅ መጠለያዎች ራሳቸው ሥጋት ሆነዋል፣ በ2021 ደግሞ ጦርነት ከተማዋ ድረስ ገብቶ ነበር።

ለመምህሩ ኢሜይል ጻፍኩለት፤ ዓመተ ምሕረቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ሁለት ፎቶ ጨምሬ። አመሰግናለሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ውስጥ አስገባዋለሁ ብሎ መለሰልኝ። ይግባም አይግባ አያለሁ።

እናንተ ግን መጀመሪያ ለዩኒቨርሲቲ አትጻፉ። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያሉትን ሽማግሌ ጠይቁ፦ እዚያ ሳሉ እጅዎ ምን ይሠራ ነበር? አያቴ በሚቀጥለው ሰንበት መጽሐፉን ራሳቸው አንሥተው ጠበቁኝ። ጣታቸውን በግድግዳው ላይ በተረፈው የመሮ ምልክት ላይ አድርገው «ተመልከች፣ ይህ ሰው ግራኝ ነበር» አሉኝ።